ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ስቶሬጅ? የድርጅት ኢሜይል ስታቅዱ ምን ትመርጣላችሁ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል ቆሟል። ከቤቴ ሆኜ ስገባ ሁለቱም የኢሜይል ሰርቨሮች አሉ፤ ፒንግ ይመልሳሉ፣ ፕሮሰሰራቸው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ሜሞሪያቸው ግማሹ ባዶ ነው። ሎድ አቬሬጁ (ተራ የሚጠብቀው ሥራ ብዛት) ግን 400 አልፏል። የመልእክት ሳጥኖቹ ያሉበትን ፎልደር ለማየት «ኤልኤስ» ብዬ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ እዚያው ቀረ። ሌላ መስኮት ከፍቼ ሞከርኩ፤ እሱም ቀረ። የተንጠለጠሉትን ፕሮሰሶች በ«ኪል 9» ላጥፋቸው ብል አልሞት አሉ፤ ሁሉም ከሁለቱ ሰርቨሮች ጀርባ ያለውን አንድ የጋራ ስቶሬጅ፣ ማለትም ሁለቱም መልእክት የሚያስቀምጡበትን የዲስክ ማከማቻ፣ እየጠበቁ ነበር። የሞተው እሱ ነው።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። እኛም ሁለት ባላ ተክለን ነበር። ሁለቱንም የተከልናቸው ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ ሲናድ ሁለቱም አብረው ወደቁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ «ለኢሜይል ሁለት ሰርቨርና አንድ የጋራ ስቶሬጅ እንግዛ» የሚል ሐሳብ በቀረበልኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ስቶሬጁ ራሱ ሲሞት ማን ይተካዋል? ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዞ አማራጮቹን አንድ በአንድ የሚያይ ነው።

ለንጽጽሩ እንዲመቸን አንድ መጠን እንያዝ። 2,000 አካውንት ያለው ድርጅት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ አንድ ከተማ፣ ቅርንጫፎቹ ክልል ላይ። አንድ ሰው በአማካይ 2 ጊጋባይት ቢይዝ ጠቅላላው 4 ቴራባይት ይሆናል። ዛሬ አንድ ዲስክ ብቻውን የሚይዘው ነው። ስለዚህ በዚህ መጠን ቦታ አይቸግራችሁም፤ የሚቸግረው መቆም እና መጥፋት ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

መዘግየትና መጥፋት

ኢሜይል ሌሎች አገልግሎቶች የሌላቸው ትዕግሥት አለው። የእናንተ ሰርቨር ባይመልስ ላኪው መልእክቱን በወረፋ ያቆየዋል፤ የኢሜይል አላላክ ደንብ የሆነው አርኤፍሲ 5321 ላኪው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ደጋግሞ እንዲሞክር ይላል። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ሶፍትዌር ፖስትፊክስ በነባሪው 5 ቀን ይጠብቃል፤ የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር ግን 2 ቀን ነው። እንግዲህ በራችሁ ለ6 ሰዓት ቢዘጋ ሠራተኛ ይበሳጫል፣ አለቃ ይደውላል፤ ከውጭ የተላከ ደብዳቤ ግን አይጠፋም።

የሚጠፋው ሌላ ጊዜ ነው። ሰርቨራችሁ ለላኪው «250» የሚለውን ቁጥር ሲመልስ «ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ላኪው ያንን እንደሰማ የራሱን ቅጂ ከወረፋው ይሰርዛል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የደብዳቤው ብቸኛ ቅጂ እናንተ ዘንድ ያለው ነው። በጀታችሁ ላይ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ይህችን ቅጂ ለመጠበቅ ነው። ብዙ ዕቅድ ያየሁት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በሩ ላይ ሦስት ሰርቨር ይደረደርና ጓዳው ውስጥ አንድ ሳጥን ይቀመጣል።

በሩን ማብዛት በእርግጥ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ማሽን ላይ ፖስትፊክስ ጫኑ፣ ለሁለቱም እኩል ቅድሚያ ያለው የኤምኤክስ መዝገብ (ደብዳቤው ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ ለላኪዎች የሚናገር) ስጡ፤ ላኪዎች ራሳቸው አንዱ ሲያቅታቸው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። የየአንዳንዱ ወረፋ በራሱ ዲስክ ላይ፣ ያውም በሬድ 1 በተጣመረ (ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅጂ በሚይዙበት) ዲስክ ላይ ይሁን፤ ወረፋን ኔትዎርክ ስቶሬጅ ላይ አታስቀምጡ። ሠራተኛው ለሚገባበት በር ገቢውን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል ኤችኤፕሮክሲ እና በሁለቱ መካከል አይፒ አድራሻ የሚያቀባብል ኪፕአላይቭድ ይበቃል። ሩቅ ቦታ መጠባበቂያ ኤምኤክስ የምታስቀምጡ ከሆነ የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር እዚያም ይኑር፤ ስሞቹን የማያውቅ መጠባበቂያ የስፓም መግቢያ ነው የሚሆነው።

የጋራ ስቶሬጅ በኤንኤፍኤስ

ብዙ ሰው የሚመኘው ይኸን ነው። መልእክቱ ሁሉ አንድ ስቶሬጅ ላይ ይቀመጣል፣ ዶቭኮት (ለሠራተኛው ሳጥኑን የሚከፍትለት ሶፍትዌር) የተጫነባቸው ሁለት ወይም አምስት ሰርቨሮች በኤንኤፍኤስ (ፋይልን በኔትዎርክ ማጋሪያ ዘዴ) ይጋሩታል። አንዱ ሰርቨር ቢሞት ሌላው ያንኑ ፋይል ያነባል፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ስድስተኛ ሰርቨር ይጨመራል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ። እያንዳንዳቸው 99 ከመቶ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች በየራሳቸው ምክንያት ብቻ የሚወድቁ ከሆነ አንድ ላይ 99.99 ከመቶ ይሰጧችኋል፤ በዓመት ከአንድ ሰዓት ያነሰ መቆም ነው። ከጀርባቸው 99.5 ከመቶ የሚሠራ አንድ ስቶሬጅ ካስቀመጣችሁ ግን ጠቅላላው ከ99.5 አይበልጥም፤ ይህ በዓመት 44 ሰዓት ያህል ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰርቨር ብትጨምሩ ከ44ቱ ሰዓት አንዲት ደቂቃ አይቀነስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የፋይሉ ቅርጽ ነው። ድሮ የነበረው ኤምቦክስ የአንድን ሰው ፎልደር በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንድ መልእክት ለመሰረዝ ፋይሉን ቆልፎ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። በኤንኤፍኤስ ላይ መቆለፍ አስተማማኝ ስላልነበር የብዙ ሰው ፖስታ ተበላሽቷል። ዳንኤል በርንስታይን ለኪውሜይል የሠራው ሜይልዲር ይህን የፈታው ቁልፍን ጨርሶ በመተው ነው። አንድ መልእክት ሲገባ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። «ቴምፕ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሰዓቱና የሰርቨሩ ስም የገባበት፣ ሌላ ማንም የማይጠቀምበት ስም ያለው ፋይል ይፈጠራል። ተጽፎ አልቆ ዲስክ ላይ መድረሱ ሲረጋገጥ ፋይሉ ባንድ ጊዜ ወደ «ኒው» ይሻገራል። ሰውየው ሳጥኑን ሲከፍት ወደ «ከር» ይገባል፤ ሲያነበው ደግሞ ከስሙ ጫፍ ላይ «ኤስ» የሚል ፊደል ይለጠፍበታል፣ ተነቧል ለማለት። ግማሽ የተጻፈ መልእክት ማንም አያይም፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይህ አሠራር ከ30 ዓመት ገደማ በኋላም ያስደንቀኛል።

ነገር ግን ዶቭኮት በሜይልዲሩ ላይ የራሱን ኢንዴክስ (የመልእክቶቹን ማውጫ) ይጨምራል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በኤንኤፍኤስ ላይ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ደንበኛ የፋይልን ሁኔታ በነባሪው ከ3 እስከ 60 ሴኮንድ በራሱ ሜሞሪ ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ሰው ላፕቶፕ በአንደኛው ሰርቨር፣ ስልኩ በሁለተኛው ቢገቡ፣ ሁለተኛው ሰርቨር የሚያየው የደቂቃ ዕድሜ ያለው ኢንዴክስ ሊሆን ይችላል። ባረጀው ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል፤ ሎጉ «ኢንዴክስ ተበላሽቷል» በሚል መልእክት ይሞላል። በሜይልዲር ከሆነ ኢንዴክሱ እንደገና ይሠራል። የመልእክቶቹ መለያ ቁጥር ዝርዝር ከጠፋ ግን የሠራተኛው አውትሉክ ሳጥኑን በሙሉ እንደ አዲስ ማውረድ ይጀምራል። ቀጭን መስመር ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ ይህ በ20 ሰው ላይ አንድ ቀን ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ መስመሩ እስከ ማታ አይነቃነቅም።

ኤምዲቦክስ የሚባለው የዶቭኮት ሌላ ቅርጽ ብዙ መልእክትን በአንድ ፋይል ያጭቃል፤ ለባክአፕና ለዲስክ ፍጥነት ጥሩ ነው። ነገር ግን የትኛው ተነቧል፣ የትኛው በየትኛው ፎልደር አለ የሚለው መረጃ ኢንዴክሱ ውስጥ ነው የሚኖረው። በጋራ ስቶሬጅ ላይ ኢንዴክስ ሲበላሽ በሜይልዲር ጭረት የሚሆነው በኤምዲቦክስ ስብራት ይሆናል። ኤንኤፍኤስ ላይ ከሆናችሁ በሜይልዲር ጽኑ።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አንድ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰርቨር ብቻ ይስተናገድ። ዶቭኮት ለዚህ «ዳይሬክተር» የሚባል አገልግሎት ነበረው፤ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው አብዛኞቹ መመሪያዎችም አሁንም እሱን ነው የሚያስተምሩት። በ2025 መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው በ2.4 ስሪት ግን ዳይሬክተርም፣ በሁለት ሰርቨሮች መካከል ቅጂ ያለማቋረጥ ያመሳስል የነበረው ሬፕሊኬተርም ከነጻው ዶቭኮት ወጥተዋል። ዕቅዳችሁን በእነሱ ላይ ከመሠረታችሁ ወይ በ2.3 ላይ ተቸንክራችሁ ትቀራላችሁ ወይ በማሻሻያው ቀን ትደናገጣላችሁ።

በ2.4 የሚሠራው መንገድ ከዚያም ይቀላል። ፊት ለፊት የዶቭኮት ፕሮክሲ ይቆማል፤ ሠራተኛው ፓስወርዱን ሲያስገባ ፕሮክሲው ዳታቤዙን ወይም ኤልዳፑን (የሠራተኞች ማውጫውን) «ይህ ሰው የየትኛው ሰርቨር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን አይቶ ያሻግረዋል። አዲስ የሚገባውንም ደብዳቤ በኤልኤምቲፒ (ፖስትፊክስ ለዶቭኮት በሚያስረክብበት ፕሮቶኮል) በዚሁ መንገድ ማድረስ ይቻላል። የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሰዉን እንዲህ ከፋፍላችሁ ለየሰርቨሩ ካደላደላችሁ በኋላ ሰርቨሮቹ ፋይል የሚጋሩበት ምክንያት ምን ቀረ? አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተካው ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ከጋራ ስቶሬጅ የሚሻል መንገድ አለ።

ሁለት ቅጂ፦ ዲአርቢዲ

ዲአርቢዲ በኦስትሪያው ሊንቢት የተሠራ ነው፤ ከ2.6.33 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 ወዲህ፣ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ። ሥራው በኔትዎርክ ላይ የሚሠራ ሬድ 1 ነው። አንደኛው ሰርቨር ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ሁሉ በሁለተኛው ሰርቨር ዲስክ ላይም ይጻፋል። «ፕሮቶኮል ሲ» በሚባለው አሠራር ሁለቱም ዲስኮች ጋ ሳይደርስ «ተጽፏል» አይባልም። ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ለዶቭኮት አስረክቦ ከወረፋው ሲሰርዝ ደብዳቤው ሁለት ቦታ አለ ማለት ነው። ፋይሉን የሚከፍተው አንዱ ሰርቨር ብቻ ስለሆነ የኢንዴክሱ ጣጣ፣ የ60 ሴኮንዱ ትዝታ፣ የመቆለፉ ነገር ሁሉ የለም። ኤምዲቦክስም መጠቀም ትችላላችሁ። አንደኛው ሲሞት ሰርቨሮቹን የሚከታተለው ፔስሜከር ዲስኩን በሁለተኛው ላይ ከፍቶ ዶቭኮትን ያስነሣል፤ በደንብ የተዘጋጀ ከሆነ የአንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች መተያየት ሲያቅታቸው እያንዳንዱ «ያኛው ሞቷል፣ ልተካው» ብሎ ከተነሣ ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ሁለት የተለያየ እውነት ይፈጠራል። ስፕሊት ብሬን የሚሉት ይህን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የሚመጣበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ እኔ ያየሁት ነው። ሁለቱም ሰርቨሮች ዩፒኤስ ላይ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ስዊች ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ነበር የተሰካው። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጥቂት ሰከንዶች አለፉ፣ ስዊቹ ጠፍቶ እስኪነሣ ደግሞ ሌላ ሦስት ደቂቃ። ሰርቨሮቹ ምንም አልሆኑም። እርስ በርስ ግን አልተያዩም፤ ለሦስት ደቂቃ ሁለቱም ዋና ሆኑ። ጠዋት ላይ በአንደኛው የገቡ ደብዳቤዎች በሌላው አልነበሩም፤ ለማስታረቅ ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

ስለዚህ ዲአርቢዲን የምትመርጡ ከሆነ እነዚህን አብራችሁ ግዙ። ሁለቱን ሰርቨሮች በስዊች ሳይሆን በቀጥታ ገመድ አገናኙ፤ ባለ 10 ጊጋቢት ካርድ ሁለት ሁለት ቢሆን ደስ ይላል። ስዊቾቹም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሦስተኛ ምስክር ይኑር፤ ዲአርቢዲ 9 ዲስክ የሌለው ሦስተኛ ማሽን እንደ ዳኛ እንዲቆም ይፈቅዳል፣ ራሱን ጨምሮ ከሦስቱ ሁለቱን ያላየ ሰርቨር መጻፍ አይችልም። ለዳኝነቱ አሮጌ ዴስክቶፕም ይበቃል፤ ብቻ ከሌላ የመብራት መስመር ይጠቀም። አንደኛው ሰርቨር የሌላውን ኃይል በአይፒኤምአይ (ሰርቨርን ከርቀት ማብሪያና ማጥፊያ) እንዲያቋርጥ ማድረግም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ያኛው ማሽን ጨርሶ መብራት ካጣ አይፒኤምአዩም አብሮ ይሞታል፤ በሕይወት ያለው ደግሞ «አጥፍቼዋለሁ» ማለት ስለማይችል ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለቱን ሰርቨሮች ሁለት ሕንፃ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በመካከላቸው የራሳችሁ ፋይበር ካለ። ሁለት ከተማ ግን አይሆንም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሩቅ ደርሶ እስኪመለስ ስለሚጠበቅ የመስመሩ መዘግየት በሙሉ በኢሜይሉ ላይ ያርፋል።

ሌሎቹ

ሳን (ዲስክን በኔትዎርክ ለብዙ ሰርቨር የሚያቀርብ ስቶሬጅ) ገዝታችሁ በላዩ ላይ ጂኤፍኤስ2 ወይም ኦሲኤፍኤስ2 መጫን ይቻላል። ሁለቱም ከ2006 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አሉ፤ ብዙ ሰርቨር አንድን ዲስክ ባንድ ጊዜ እንዲከፍት ያደርጋሉ። ለኢሜይል ግን አልመክርም። ሜይልዲር ማለት በሚሊዮን የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው፤ እነዚህ ፋይል ሲስተሞች ደግሞ ለየፋይሉ በኔትዎርክ ቁልፍ ይጠያየቃሉ። አንድ ሰርቨር ሲታመም ሌሎቹም ተያይዘው ይቆማሉ። የብዙ ሰርቨር ዲስክን እንደ አንድ የሚያደርገው ግላስተርኤፍኤስም በትንንሽ ፋይል ደካማ ነው፤ ሬድሃት በእሱ ላይ ተመሥርቶ ይሸጠው የነበረው ምርት ድጋፉ በ2024 መጨረሻ አብቅቷል። አዲስ ሥራ በእሱ አትጀምሩ።

መረጃን በብዙ ማሽን ዲስክ ላይ የሚያሰራጨው ሴፍ ሌላ ነገር ነው፤ በእውነት ኃይለኛ ነው። በነባሪው እያንዳንዱን መረጃ ሦስት ቦታ ያስቀምጣል፣ ማንኛውም አንድ ማሽን ቢሞት ይቀጥላል፣ ሲያድግም ዲስክ እየጨመሩ መሄድ ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው፦ 4 ቴራባይት ለማስቀመጥ 12 ቴራባይት መግዛት፣ ቢያንስ ሦስት ማሽን፣ ባለ 10 ጊጋቢት ኔትዎርክ፣ እና ሴፍን የሚያውቅ ሰው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ሴፍን የሚያውቀው ብቸኛው ባለሙያ ሥራ ለቅቆ ሲሄድ የሚተካው በአንድ ወር አይገኝም።

ሆኖም ብዙ ድርጅት ዛሬ ለሌላ ሥራ ሲል ባለ ሦስት ማሽን የፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር) ክላስተር ከነሴፉ አቁሟል። ያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ በሴፍኤፍኤስ (በሴፍ የጋራ ፋይል ሲስተም) አማካኝነት መልእክቱን በብዙ ሰርቨር መካከል ለማጋራት ግን አትሞክሩ። አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ ከሴፍ የተቆረጠ የራሱ ዲስክ፣ በላዩ የኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም፣ በዚያ ላይ ዶቭኮት። ማሽኑ ያለበት ሰርቨር ሲሞት ክላስተሩ በሌላው ላይ ያስነሣዋል። ፋይሉን የሚከፍተው ምንጊዜም አንድ ስለሆነ ከዲአርቢዲ ጋር አንድ ዓይነት ሰላም ታገኛላችሁ።

ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን የምታስቡ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማችኋል። በ2007ቱ ስሪት ሁለት ሰርቨሮች አንድ ስቶሬጅ የሚጋሩበት ክላስተር ነበረው። በ2010ሩ ስሪት ማይክሮሶፍት ያንን ጨርሶ ጣለውና ዲኤጂን አመጣ፤ እስከ 16 የሚደርሱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዲስክ ላይ የራሳቸውን ቅጂ ይይዛሉ። በድርጅት ኢሜይል ዋነኛ የነበረው ኩባንያ የጋራ ስቶሬጅን ሞክሮ መተዉ ለእኔ ትልቅ ምስክር ነው። የ2016 እና የ2019 ስሪቶች ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ አሁን የሚሸጠው በደንበኝነት ክፍያ የሚታደሰው ነው፣ ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሬ።

ዲስክ ስትገዙ

ኢሜይል የሚፈልገው ብዙ ትንንሽ ንባብና ጽሑፍ ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ75 እስከ 100 የሚሆን የተበታተነ ሥራ ይሠራል። ስምንቱን በሬድ 5 (የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ በሚይዘው) ብታቀናጁ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አራት የዲስክ ሥራ ስለሚጠይቅ በሴኮንድ 150 እስከ 200 ጽሑፍ ይቀራችኋል፤ በሬድ 10 (ዲስኮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ቅጂ በሚይዙበት) ሁለት ሥራ ብቻ ስለሆነ እጥፉን ታገኛላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ 2,000 ሰው ባንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ልዩነቱ ይታያል። ገንዘቡ ካለ ሁሉንም ኤስኤስዲ አድርጉ። ከሌለ ቢያንስ የዶቭኮትን ኢንዴክስ ኤስኤስዲ ላይ አውጡት፤ በትንሽ ወጪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ነገር አላውቅም።

ባክአፕ

ሁለት ቅጂ መኖሩ ባክአፕ አይደለም። ሠራተኛው ፎልደሩን ሲሰርዝ በሁለቱም ዲስክ ላይ በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል፤ ቫይረስ ሲቆልፈውም በሁለቱም ይቆለፋል። ሦስተኛ ቦታ፣ በሌላ ፓስወርድ፣ ከተቻለ በሌላ ሕንፃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፋይል በፋይል እየፈተሸ የተለወጠውን የሚገለብጠውን አርሲንክን ይዞ ይነሣል። አማካይ መልእክት 100 ኪሎባይት ብንል 4 ቴራባይት ማለት 40 ሚሊዮን ፋይል ነው። በሴኮንድ 1,000 ፋይል ቢፈትሽ እንኳ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ብቻ 11 ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱ አይበቃውም። ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ከሠራችሁ ግን ስናፕሾት (የዲስኩን የቅጽበት ምስል) ወስዶ ከትናንት ወዲህ የተለወጠውን ብሎክ ብቻ መላክ ይቻላል፣ ፋይል አይቆጥርም። በዶቭኮት በራሱ «ዶቭአድም ባክአፕ» በሚለው ትእዛዝ ሰው በሰው መገልበጥም ይቻላል፤ ለአንድ ሰው ሳጥን መመለስ ሲያስፈልግ ይህኛው ይመቻል።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ከ150 ሰው በታች ከሆናችሁ ክላስተር አትሥሩ። አንድ ጥሩ ሰርቨር፣ ሬድ 10፣ ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ በየሌሊቱ ባክአፕ፣ እና መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሌላ ተመሳሳይ ማሽን። ቢወድቅ በግማሽ ቀን ትነሣላችሁ፤ ላኪዎቹ ይጠብቋችኋል። የኪራይ አገልግሎትም ለዚህ መጠን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የኢንተርኔት መስመራችሁ ሲቋረጥ በአንድ ፎቅ ያሉ ሁለት ሠራተኞችም መጻጻፍ እንደማይችሉ አትርሱ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰርቨር ያን ጊዜ ይሠራል።

ለ2,000ው ድርጅት የዲአርቢዲ ጥንድ፤ የፕሮክስሞክስ ክላስተር ካለ ደግሞ በእሱ ላይ ቨርቹዋል ማሽን። ሁለቱም ባይሆን ኖሮ ወደ ጋራ ስቶሬጅ የምሄደው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፦ ስቶሬጁ ሁለት ኮንትሮለር ሲኖረው፣ የድጋፍ ውል ሲኖር፣ መለዋወጫው እዚሁ ከተማ ውስጥ ሲገኝ። ምንዛሬ ተፈልጎ፣ ተጓጉዞ፣ ጉምሩክ አልፎ የሚመጣ ኮንትሮለር ለዛሬ ሌሊት አይደርስም።

ድርጅቱ ሲያድግ የመጀመሪያውን ጥንድ አታስፉት። ሁለተኛ ጥንድ ግዙ፣ ፕሮክሲውን ፊት ለፊት አቁሙ፣ አዲስ የሚገቡትን ሠራተኞች በሠንጠረዡ ላይ ወደ አዲሱ ጥንድ ምሩ። አንዱ ጥንድ ቢታመም ግማሹ ድርጅት ሥራውን ይቀጥላል፤ በጋራ ስቶሬጅ ይህን አታገኙም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ሰርቨር ብቻ በነበራችሁ ጊዜም ቢሆን፣ ያንን ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ ፍጠሩት፤ ሠራተኛውም ላፕቶፑ ላይ የሚጽፈው የፕሮክሲውን ስም ይሁን፣ የሰርቨሩን አይሁን። በኋላ ላይ 2,000 ላፕቶፕና ስልክ እየዞሩ መቀየር የወራት ሥራ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

አንድ ቅዳሜ ያዙ። ከውጭ ካለ ማሽን በየሴኮንዱ አንድ መልእክት የሚልክ፣ ከ1 እስከ 1,000 ቁጥር የሚሰጥ፣ «250» የተመለሰለትን ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ አጭር ስክሪፕት ጻፉ። 400 ገደማ ላይ ሲደርስ የዋናውን ሰርቨር ሁለቱንም የኃይል ገመዶች ከጀርባው ንቀሉ። በትእዛዝ አታጥፉት፤ ገመዱን በእጃችሁ ንቀሉ። ሁለተኛው እስኪነሣ ሰዓት ያዙ። ሲያልቅ መዝገቡን ከሳጥኑ ጋር አስተያዩ። አንድ ቁጥር ሁለቴ ቢገባ ችግር የለውም። «250» ተብሎለት ሳጥኑ ውስጥም ወረፋው ውስጥም የሌለ ቁጥር ካለ ግን የሬድ ካርዱን ካሽ (ጽሑፉ ዲስክ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያርፍበትን ሜሞሪ) ተመልከቱ፤ ባትሪው የሞተ ወይም ጭራሽ ያልተገጠመለት ሊሆን ይችላል። አስተካክላችሁ ድገሙት። ከዚያ ስዊቹን አጥፍታችሁ ድገሙት። ከዚያ የአንድን ሰው ሳጥን ከባክአፕ መልሱ። ቁጥር 412 ከጠፋ ሰኞ አትክፈቱ።